ክር ለብሶ አደባባይ የወጣ

በ1763 ዓ.ም ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ማንም ያልተቀመጠበት አንድ ፈረስ ወደ አገው ምድር ይነዳ ነበር። ኮርቻው ከጀርባው አልወረደም፣ ልጓሙም ከአፉ አልወለቀም። ፈረሱን የሰጠው የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ነው። የተቀበለው ደግሞ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከጎንደር የወጣው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነበር። ሰጪው አጥብቆ ያዘዘው ነገር ነበር፦ እንዳይቀመጥበት፣ እንደተጫነ ከፊቱ እንዲነዳው፤ ይህን ፈረስ ያየ ሰው አይነካውምና።

ብሩስ በኋላ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደሚተርከው ነገሩ እንደተባለው ሆነ። የፋሲል ጭፍሮች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው እንግዳውን ትተው ወደ ፈረሱ ሄዱ። እያንዳንዱ እፍኝ እፍኝ ገብስ አበላው። «በጉ» በሚል ቅጽል የሚጠራው አለቃቸው ፈረሱ ፊት ቆሞ ረዥም ጨዋታ ያዘ። ለዚያ መንገድ ደብዳቤም ማኅተምም አላስፈለገም፤ የተጫነው ፈረስ ራሱ ቃል ሆኖ ይነበብ ነበር።

ነገሬን ከዚህ ፈረስ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ሹራብና ኪሮሽ የሚሠሩ ሰዎች የእጃቸውን ሥራ ከቤት አውጥተው ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ድልድይና ሐውልት ያለብሳሉ። አዲስ የአደባባይ ጥበብ ተብሎ ብዙ ተጽፎለታል። ዛሬ አዊ በሚባለው የአገው ምድር ግን ክር አደባባይ የወጣው በፈረስ ጀርባ ነው፤ የወጣውም ቀድሞ ነው።

ብሩስ ያያቸው አገዎች ቀለም የበዛበት ልብስ አልነበራቸውም። ልብሳቸው ቆዳ እንደሆነ፣ ቆዳውንም በራሳቸው ዘዴ እያለፉ እንደሚያለሰልሱት፣ በዝናሙ ወራት እሱን እንደሚለብሱ ጽፏል። ማር፣ ሰም፣ ቅቤና ቆዳ ጭነው ጎንደር የሚወርዱትን የአገው ነጋዴዎች ብዛት ሲያይም ተደንቋል። ጎንደርን የሚመግባት ይህ አገር ነበር። የአገው ምድር ከተማ የሆነችው የእንጅባራ ዙሪያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ ዝናሙ ብዙ፣ ብርዱ ጽኑ ነው። እዚያ ጥጥ አይበቅልም። ጥጥ የሚመጣው ከቆላ፣ ባለቀለም ክር የሚመጣው ደግሞ ከባሕር ማዶ ነበር። በዚያ ዘመን ሸማኔው ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ሲፈልግ ከውጭ የገባ ጨርቅ ገዝቶ ክር በክር ይተረትር ነበር። አንዱን ጨርቅ አፍርሶ ሌላውን ማሳመር ማለት ነው። ቀይ ክር እንዲህ ውድ በነበረበት አገር የት ላይ እንደዋለ ካየን ሰው ማንን እንዳከበረ እናውቃለን።

ከብሩስ ትረካ አንድ ሌላ ነገር አይረሳኝም። ምንጩ ያለበት ግሽ ሊደርሱ ሲሉ ወልዶ የሚባለው መንገድ መሪው ያቅማማ ጀመር። ዓይኑ ያረፈው ብሩስ ወገቡ ላይ በጠመጠመው ቀይ የሐር መቀነት ላይ ነበር። ብሩስ ፈትቶ ሰጠው፤ ወልዶም ምንጩን አሳየው። አውሮፓ ሲጓጓለት የኖረው የዓባይ ምንጭ ዋጋው ቀይ ሐር ሆነ ማለት ነው።

ጎንደር ውስጥ በዚያው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሌላ የሐር ሥራ አለ። ሴትና ወንድ፣ መኳንንትና ካህናት በሽመናው ውስጥ የተሣሉበት፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚያልፍ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው። የተሠራው ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ድርን እያዞሩ በመሸመን ነው። ሥዕሉ ሐሩ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከክሩ አብሮ የተወለደ ነው። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላን ሲዘርፍ ከእንዲህ ያሉት መጋረጃዎች አንዱ ለንደን ሄደ፣ ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሌላው ካናዳ፣ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ውስጥ ነው። በክር ታላቅ ነገር መሥራትን ማንም አላስተማረንም የምለው እነዚህን መጋረጃዎች እያሰብኩ ነው።

ፈረሱ ለምን እንዲህ እንደተከበረ ደግሞ ዐድዋ ይነግረናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ የዋለው ጦር በፈረስና በበቅሎ የተጓዘ ጦር ነበር። ስንቅ የጫነው እንስሳ፣ አለቃውን የተሸከመው እንስሳ፣ የቆሰለውን ይዞ የተመለሰው እንስሳ ነው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሚመራው የጎጃም ጦር እዚያ ነበር፤ የአገው ምድር ፈረሰኞችም አብረው ዘምተዋል። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የጊዮርጊስ ሥዕል ደግሞ ነጭ ፈረስ የሌለበት የለም። ይህ ቀን፣ ይህ ታቦትና ይህ እንስሳ በአዊ ሰው ልብ ውስጥ አንድ ላይ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አዳዲስ ቃላት የመጡባቸው ናቸው። እኔ የክርን ታሪክ በቃላት ውስጥ ማየት እወዳለሁ። ፈትል፣ ድር፣ ማግ፣ ባዘቶ፣ ጥልፍ፣ ጥለት፣ ዘርፍ የምንላቸው ሁሉ የቤት ልጆች ናቸው። ሹራብ ግን አረቦች ካልሲን ከሚጠሩበት ቃል ጋር ይዛመዳል። የእውነተኛ ሹራብ ናሙናዎች ሆነው ከተገኙት እጅግ የቆዩት ግብፅ ውስጥ የወጡ ካልሲዎች ስለሆኑ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ያስታውሳል። ኪሮሽና ዳንቴል ፈረንሳይኛ ናቸው። የባቡር ኩባንያው ቋንቋ፣ የብዙ ትምህርት ቤት ቋንቋ ፈረንሳይኛ የነበረበትን ዘመን ማኅተም ይዘው ቀርተዋል። ሹራብ ሁለት መርፌ ይፈልጋል፤ ቀለበቶቹ ሁሉ መርፌው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ አንዱ ካመለጠ እስከ ታች ይተረተራል። ኪሮሽ ግን ጫፉ የታጠፈ አንድ መርፌ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለበት ተይዞ ቀጣዩ ከሱ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ የኪሮሽ ሥራ በኪስ ይያዛል። ቡና እስኪፈላ ይሠራል፣ ከብት እየጠበቁ ይሠራል፣ መንገድ ላይም ይሠራል።

ሌላዋ የአገው ምድር ከተማ ዳንግላም በዚህ ጊዜ ለውጭው ዓለም እንግዳ አልነበረችም። የእንግሊዝ መንግሥት ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላውን ያደረገው እዚያ ነው። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በቆንስልነት ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን እየዞረ በካርታ አሰፈረ። ዳንግላ የንግድ መተላለፊያ ነበረችና ከሱዳን በኩል የሚመጣ ጨርቅና ክር በዚያ ያልፍ ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጎጃም በአርበኞች እጅ እየነደደ ባለበት፣ በ1932 ዓ.ም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ ዳንግላም እንጅባራም ገና የጣሊያን ጦር የሰፈረባቸው ጊዜ ነበር። ማኅበሩ ዐድዋ ላይ ለዋሉ ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ እንዲሆን የተቋቋመ ነው። ጣሊያንን ድል የነሳ ፈረስ ጣሊያን እያለ ይታሰብ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ዛሬ ሆነን ስናስበው ቀላል ይመስለናል። በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም፣ አርበኞችና በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዮን ጦር እየገፉ ሲመጡ የጣሊያን ጦር ዳንግላንም እንጅባራንም ለቆ ወጣ።

ማኅበሩ ስሙን የወሰደው ከሰባት ቤት አገው ነው። በአባቶች ትረካ ከላስታ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች አገሩን ተከፋፈሉት፦ ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ መተከል፣ ቋኩራ፣ ጫራና ዚገም። በዓሉ ጥር 23 ቀን ይውላል። ጥምቀት ባለፈ በ12ኛው ቀን፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ፈረሱም ገለባና ገብስ ጠግቦ ያለበት ወቅት ነው። ማኅበሩ የደስታ ቀን ብቻ አይደለም፤ አባል ሲሞት ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ጭነው ይወጣሉ፣ ሰው ሲጣላ በሽማግሌ ያስታርቃል። የተሸለመ ፈረስ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይታያል። የአንዱ ቤት የክር ሥራ መላው ቀበሌ ፊት የሚቀርበው በነዚህ ቀኖች ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ ልቅረብ። በአማርኛ ፈረስን ማስጌጥ መሸለም ይባላል። ያው ቃል ነው ጀግናን ሲያከብሩ የሚውለው፤ ሽልማትም ከዚያ ይወጣል። ማስጌጥና ማክበር በእኛ ቋንቋ አንድ እናት አላቸው። የተሸለመ የአዊ ፈረስ ኮርቻው ላይ መረሻት ይለብሳል። በጎኑና በታፋው ላይ የሚወርደው ግላስ በጥልፍ የተሞላ ነው። ቀይ ይበዛል፤ አረንጓዴውና ቢጫው ቀዩን ይከተላሉ። ግንባሩ ላይ ኳስ መሰል የክር አበባ፣ ልጓሙ ዙሪያ ዘርፍ፣ ደረቱ ላይ ሰፊ ጌጥ፣ ከጭራው ሥር በሚያልፈው ጠፍር ላይም ዘርፍ ይኖረዋል። ነሐስ የሚያብለጨልጭበት አለ፣ ቃጭል የሚያሰማም አለ።

ዘርፍ አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ክሩን በአራት ጣት ወይም በትንሽ ጣውላ ላይ ብዙ ዙር ይጠመጥሙታል፣ በአንድ ወገን አጥብቀው ያስሩታል፣ በሌላው ወገን ይቆርጡታል። ከዚያ አንገቱን በሌላ ቀለም ክር ይጠመጥሙታል። ችግሩ ዘርፉን መሥራቱ ላይ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ርዝመትና አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸውን ብዙ ዘርፎች መሥራቱ ላይ ነው። ፈረስ ሲረግጥ ዘርፉ ሁሉ በአንድ ምት ይወዛወዛልና፣ አንዱ ከረዘመ ሩጫው ውስጥ ይታወቃል። በሶምሶማ ዘርፉ ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ ይላል፤ በሽምጥ ደግሞ ወደ ኋላ ተኝቶ እንደ ነበልባል ይሳባል። በጉግስ ጊዜ ከጋሻውና ከዘንጉ መካከል ዓይንን የሚጠራው ያ ክር ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ጥልፍ ግማሽ ሥራ ነው ብዬ የማምነው ይህን አይቼ ነው። የፈረስ ጥልፍ የሚያልቀው ሲጋልቡበት ነው።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የእጅ ሥራ በሴቶች ትምህርት ቤት የገባ ትምህርት ነበር። ሴት ልጅ ሹራብ፣ ጥልፍና ኪሮሽ ተምራ ትወጣ ነበር። በ1957 ዓ.ም ቴሌቪዥን አገር ውስጥ ሲጀመር ብዙም ሳይቆይ ዳንቴል ለበሰ። ሬዲዮው ለብሶ ነበር፤ ሶፋው፣ ጠረጴዛውና የብርጭቆ መደርደሪያውም ለበሱ። በእነዚያ ዓመታት ያደገ ሰው ሁሉ ነጭ ዳንቴል ሳያነሳ ቴሌቪዥን አልከፈተም። እናቶቻችን ቤት ውስጥ ያደረጉት ይህ ነገር ከዚያ ዘመን በኋላ የዓለም ከተሞች አደባባይ ላይ ከታየው ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ቀዝቃዛውን ዕቃ በእጅ ሥራ መሸፈን፣ የሰው እጅ ነክቶታል እንዲባል ማድረግ ነው። ልዩነቱ ዳንቴሉ ከበራፍ አለመውጣቱ ነው። ወጣቱ ለጦርነት በሚመለመልበት በደርግ ዘመን የሹራብ ትርጉም ሌላ ሆነ፤ ግንባር ለሄደ ልጅ የሚላክ ሙቀት ሆነ።

በ1980ዎቹ የአዊ ብሔረሰብ ዞን ሲቋቋም ዋና ከተማው እንጅባራ ሆነ። ቀድሞ ኮሶበር ትባል የነበረችው ትንሽ ከተማ የዞን መዲና ስትሆን ጥር 23ም አብሮ አደገ። ፈረሰኛው ከየወረዳው እየተመመ የሚመጣበት፣ ባለሥልጣንና እንግዳ የሚታደምበት በዓል ሆነ። ክሩም ተለወጠ። ቀድሞ ከጨርቅ ተተርትሮ ይገኝ የነበረው ቀለም አሁን በፋብሪካ የተሠራ ሰው ሠራሽ ክር ሆኖ በጥቅልል ከገበያ ይገዛል። ዝናም አያስለቅቀውም፣ ዋጋውም አይከብድም። ድሮ ባለጸጋ ብቻ ይሸልም የነበረው ፈረስ ዛሬ የደሀ ገበሬም ፈረስ ሆኖ አምሮ ይወጣል። የተራቀቀ አሮጌ ጥልፍ ቢያሳሳኝም በዚህ አልከፋም።

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት የአደባባይ ሹራብ ልመለስ። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ ማግዳ ሳየግ የተባለች ሴት የሱቋን የበር እጀታ በሠራችው ሹራብ ሸፈነችው። መንገደኛው ቆሞ አየው፣ ነካው፣ ጠየቃት። ቀጥላ የመንገድ ምልክት ምሰሶ አለበሰች። ነገሩ ከከተማ ከተማ ዘለለ፤ በእንግሊዝኛም የክር ቦምብ እንደማለት ያለ ስም ወጣለት። ስሙ አይጥመኝም። ሰውን በማያስደነግጥ፣ እንዲያውም ጠጋ ብሎ እንዲነካ በሚጠራ ሥራ ላይ የቦምብ ስም ምን ይሠራል? «መሸለም» ይሻለው ነበር።

በሚያዝያ ወር 2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ማሪያን ዮርገንሰን የተባለች አርቲስት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ታንክ ከነመድፉ ሮዝ አለበሰች። ልብሱ እያንዳንዳቸው በየጎናቸው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ፣ ከ4,000 በላይ የሹራብና የኪሮሽ ቁራጮች የተገጣጠመ ነበር። ቁራጮቹን ከተለያዩ አገሮች የላኩላት በኢራቅ ይካሄድ የነበረውን ጦርነት የተቃወሙ ሰዎች ናቸው። ይህን ታንክ ባየሁ ቁጥር የአዊ ፈረስ ይመጣብኛል። አንዱ ጦር ሜዳ የዋለውን ወዳጅ ለማክበር ይለብሳል፤ ሌላው ከጦር ሜዳ እንዲቀር ይለብሳል። ሁለቱም ላይ ክሩ የሚናገረው ጦርነት ካየ ነገር ላይ ሆኖ ነው። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. አጋታ ኦሌክ የተባለች የፖላንድ ተወላጅ ኒው ዮርክ ላይ የዎል ስትሪትን የነሐስ ኮርማ በኪሮሽ ሸፈነችው፤ ሥራዋ በሰዓታት ውስጥ ተነሣ። ሰኔ 4 ቀን 2003 ዓ.ም የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአደባባይ ሹራብ ቀን ተከበረ።

አገራችን ውስጥ ክርን ወደ ትልቅ ጥበብ ያሻገረው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው። በክርና በቁልፍ ሸራ ላይ እየሰፋ ጀመረ፤ ከዚያ መርካቶ ከሚሰበሰበው የወዳደቀ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ እየፈታ እንደ ጥለት ጎነጎነው። ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ፣ መካኒሳ አካባቢ ያነጹት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም ተከፈተ። ጭቃው ግድግዳ ላይ እንኳ ጥልፍ የመሰለ ቅርጽ ተቀርጿል። አሮጌ ሽቦ እየፈቱ ጌጥ መሥራት ደግሞ ያ የጥንቱ ሸማኔ ጨርቅ እየተረተረ ያደረገው ነው።

እንጅባራ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ አስፋልቷ ሰፍቷል፣ ባጃጁ በዝቷል። ባጃጆቹም ዘርፍና ክር በመስተዋታቸው ዙሪያ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ፈረሱን የሚሸልም ሕዝብ ባጃጁን ቢሸልም አይገርምም። በ2015 ዓ.ም ማኅበሩ 83ኛ ዓመቱን አከበረ፤ አባላቱም ከ60 ሺህ በላይ እንደደረሱ ተነገረ። በቅርብ ዓመታት አካባቢው የጸጥታ ችግር ውስጥ ሲገባም ጥር 23 ከአገው ሰው ልብ አልወጣም።

የዚያ ቀን ጠዋት ከተማው ሳይነቃ ፈረሱ ይነቃል። ባለቤቱ ይቦርሸዋል፣ ጋማውን ያበጥራል። ሚስቱ ወይም እናቱ ሣጥኑን ከፍታ ግላሱን ታወጣለች፤ ዓመት ሙሉ ታጥፎ የኖረው ክር በጣቷ እየተፈታ ይንሰራፋል። የተበጠሰ ዘርፍ ካለ እዚያው በመርፌ ትይዘዋለች። ከዚያ ሰውዬው ይቀመጣል፣ ፈረሱ መንገድ ይጀምራል፤ ከየጎጡ የሚወጡ ሌሎች ፈረሶች ይቀላቀሉታል። ሜዳው ጋ ሲደርሱ የሚታየው ቀይና አረንጓዴ እየተንቀሳቀሰ የሚመጣ ኮረብታ ነው። ሽማግሌዎች ከሩቅ ሆነው ይሄኛው የባንጃ ነው፣ ያኛው የአንከሻ ነው ይላሉ።

ማታ ሲመለሱ ግላሱ በላብና በአቧራ ከብዷል። ሴቲቱ ውጪ ገመድ ላይ ዘርግታ ታራግፈዋለች፤ ውርጩ ሳይዘው አስገብታ የምድጃው ሙቀት እንዲያገኘው ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ፈረሱ ባዶ ጀርባውን ይዞ ጓሮ ገብሱን ይበላል።